በድንገተኛ ሕመም

«ልብ ነው በሉ» አለ አጎትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ድንገተኛ ሕመም። ከዚህ ውጭ አንዲት ቃል እንዳትወጣ።»

በያጁ የያዘውን የሻይ ትሪ ሲያሳርፈው ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። «ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ልቡ ቀጥ አለ ብለን ማንን ልናሞኝ ነው?»

«እናትህን የሰው አፍ ውስጥ ልትከታት ነው?»

እናትየው ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የሚመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ እሷ አትሰማም። በሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች አፍ ለጆሮ ገጥመዋል።

«ፈተና ወድቆ ነው አሉ።»

«ኧረ ሴት ከድታው ነው!»

«ሰፈሩ ወሬ አልቆበት ነው ለቅሶ ቤት የመጣችሁት?» አላቸው በያጁ። አንገታቸውን ደፉ። ከቀብሩ ወዲህ ያናገረው ሰው ሁሉ ጠላቱ ነበር።

ሟቹ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ የምህንድስና ተማሪ። ቤተሰቡ ከልጅነቱ «ፕሮፌሰር» ይለው ነበር። አባታቸው ሲሞት በያጁ ትምህርቱን ትቶ ብየዳ ቤት ገባ፤ ፕሮፌሰር ቀጠለ። ለእረፍት ሲመጣ የብየዳ መነጽር አጥልቆ፣ የወንድሙን አረማመድ እያስመሰለ እናቱን በሳቅ ያፈርሳት ነበር። ባለፈው እረፍት ግን ምግብ ሳይቀምስ መነሳት፣ ቀኑን ሙሉ መተኛት አበዛ። በያጁ መናኸሪያ ሲሸኘው «ሸክም ሆንኩባችሁ አይደል?» አለው።

«አንተ ቀጫጫ! ምንህ ነው የሚከብደው?» ብሎ ቀለደበት በያጁ። ፕሮፌሰርም ሳቀ። አውቶቡሱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የፕሮፌሰር የዶርም ጓደኛ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። የለበሰውን ጃኬት ሲያይ የበያጁ ደም ፈላ፤ ለወንድሙ የገዛለት ጃኬት ነበር። ክንዱን ይዞ እየጎተተ ጓሮ ወሰደው።

«አፈሩ ሳይደርቅ ልብሱን ተከፋፈላችሁ?»

«ራሱ ነው የሰጠኝ… ከመሞቱ በፊት። መጻሕፍቱንም ለዶርሙ ልጆች አደለ። ‹ከእንግዲህ አይበርደኝም› አለኝ። እኔ ደግነት መሰለኝ።»

«አንድ ክፍል እያደራችሁ ዓይንህ የት ነበር?»

«ምታኝ» አለ ልጁ። «እውነትህን ነው፣ ምታኝ። እኔም ለማንም አልረባም። ሸክም ነኝ።»

ለመምታት የተነሳው የበያጁ እጅ አየር ላይ ቀረ። መናኸሪያ በቀልድ የሸኛት ቃል ፊቱ ቆማለች። ልጁን ያኔ ገና አየው፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ቀና በልና እየኝ። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ልጁ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ትከሻው ወረደ። «አዎ።»

«ዛሬ?»

«ከዚህ ስወጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን።»

አጎትየው ከበሩ ላይ ጮኸ። «አንተ ምን ነካህ! ያላሰበውን ታሳስበዋለህ?»

«ሲጠየቅ ነው እንዴ ሰው የሚያስበው? የኛን ማን ጠየቀው?»

ልጁን እንደያዘ ወደ ሳሎን ገባ። «ስሙ!» አለ። «ወንድሜን የገደለው ልብ አይደለም። ታሞ ነበር፤ ጨንቆት ነበር፤ ራሱን አጠፋ። ከዛሬ ጀምሮ የሚያንሾካሹክ ካለ ፊት ለፊት ይጠይቀኝ።»

አጎትየው «አዋረድከን!» ብሎ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። በዚህ መሃል እናትየው ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ተነፈሰች።

«ሂድ፣ ልጄ። ብቻውን እንዳትተወው።»

የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ነርሷ «ምኑ ነህ?» አለችው።

«ምኑም አይደለሁም። ግን ብታባርሪኝም አልሄድም።»

«ማን አባረረህ?» አለች ነርሷ ሳትቆጣ። «ዶክተሩ አሁን ያነጋግረዋል። ዛሬ ብቻውን አይሆንም። አንተም አጠገቡ ሁን፤ ጥሩ አድርገሃል።» አግዳሚ ወንበሩን አሳየቻቸው።

ልጁ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳላየ እንጃ፤ ተራ ሲጠብቁ ጭንቅላቱ ወደ በያጁ እያዘመመ መጣ። በያጁ ትከሻውን ዝቅ አደረገለት። ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ጉንጩ ላይ ወርዶ አንገቱ ሥር ሲገባ እንኳ፣ ልጁ እንዳይነቃ ብሎ፣ ለመጥረግ እጁን አላነሳም።