ከላይ የምትጠፋው ኳስ

«ቴሌቪዥን እስከ ዛሬ እኛን ሲያዘን ኖረ፤ ከእንግዲህ ይታዘዘናል!» ብሎ ነበር አባት፣ በቴሌቪዥን ላይ ኳስ የምታጫውተውን ባለ ሁለት ማዞሪያ ሳጥን ወደ ቤት ያመጣ ዕለት። እናትም ከጓዳ ሆና፣ «የሚታዘዝ ከሆነማ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣራ እንዲደፍን እዘዘው» አለችው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደተባባሉ ልጃቸው፣ የዛሬው ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ አያስታውስም። ከግድግዳ ማዶ የሰማው ነገር ነውና ግማሹ ጠፍቶታል።

ዛሬ ሃምሳን አልፎ ያቺኑ ሳጥን ሱቁ ውስጥ ፈቷታል። ሆዷ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት ጥቁር ቺፕ ኳሷን ትወረውራለች፣ በማዞሪያዎቹ የሚንቀሳቀሱትን መምቻዎች ትስላለች፣ ነጥብም ትቆጥራለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖሮ፣ ይህን ባየ ቁጥር «ለሰው ይህን ጥበብ የሰጠ ይመስገን» ማለቱን አልተወም።

«ኢንጂነር፣ ዛሬም አልዳነችም?» አለች ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ግንባሯ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ማዞሪያዎቹን በአልኮል ጠርጌያለሁ፣ ብየዳውንም ሁለቴ ደግሜያለሁ። ነይ እንሞክራት፣ እታለም።»

ከትልቁ አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኛት። በጥቁሩ መስታወት ላይ ነጭ ኳስ ብቅ አለች። እህቱ ዓይኗን ከመምቻዋ ሳትነቅል ከታች የመጣውን ሁሉ መለሰች። ከላይ ሲመጣባት ግን እጇ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው ጠፋች! አላልኩህም?»

ጠጋኙ ኳሷን አይቷታል። ግን ሰው ሲያማርር ጥፋቱን ከዕቃው መፈለግ የሙያው ልማድ ነው።

«እስቲ ቦታ እንቀያየር።»

ተቀያየሩ። አሁንም ከላይ የመጣችው አለፈቻት።

«እዚያ ላይ ሌባ ተቀምጧል!» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ፕላስተሩን አየ። ይህ የቁምሳጥኑ በር የመታት ነው፤ ባለፈው ወር ደግሞ የአውቶቡሱ በር ነበር። እናታቸውንም የዓይን ሕመሙ እንዲሁ ነበር የጀመራት። ሐኪም ዘንድ ሲወስዷት ጊዜው ረፍዶ ነበር፤ «የጠፋው አይመለስም፤ ቀድማችሁ ብትመጡ የቀረውን እናቆየው ነበር» አላቸው።

«እታለም፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ዓይንሽ ነው።»

«የኔ ዓይን? ሂድ ወዲያ! ትናንት በጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር ሰፍቻለሁ። መርፌ በአንዴ ነው የማስገባው!»

«ፊት ለፊት ታያለሽ፤ የሚጎድልሽ ከላይ ነው። እናታችንም መርፌ ታስገባ ነበር።»

ኳሷ ብቻዋን ቷ፣ ቷ እያለች ትመላለሳለች። እህቱ ዓይኗን ከግርጌ ተክላ ቆየችና ቀስ ብላ ቀና አለች። ባዶ በነበረው ቦታ ኳሷ ከየት መጣች ሳይባል ቁጭ ብላለች። እንደገና ዓይኗን ዝቅ አደረገች፤ ኳሷ ጠፋች። ቀና አለች፤ ኳሷ እዚያው አለች።

«አንተ!» አለች በሹክሹክታ። «ስንት ጊዜ በሩን ስረግም ኖሬያለሁ። እኔ ለራሴ ያልነገርኩትን ይቺ አሮጌ ሳጥን አወቀችው?»

ጠጋኙም ክንዱን ውርር አደረገው። ለጨዋታ የተሠራች ዕቃ ናት፤ ዶክተር አይደለችም።

«ነገ ጠዋት ዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ።»

«የሙሽራ ልብስ ይዣለሁ።»

«እታለም!»

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ ፈታችው፤ ደግማ ጠቀለለችው።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን ሐኪሙን አንተ ታናግረዋለህ። እኔ ከተጠየቅኩ ደህና ነኝ ነው የምለው።»