የጋሽ ፈቃደ የፌሎሺፕ አቤቱታ

ሰው ሲያጉረመርም አልወድም፤ ራሴ ግን ቀኑን ሙሉ ሳጉረመርም እውላለሁ። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት አሮጌ ቪላ ውስጥ ባለች የግል ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ጠባዬ ካልከፋ በምን ሊከፋ ነው? የመጽሐፍ ገጽ የሚያጥፈውን እቆጣለሁ። ስልክህን ዝጋ ሲሉት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ማውራቱን የሚቀጥለውን እቆጣለሁ። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን መጋቢት ነው፤ የፌሎሺፕ ማመልከቻ የሚገባበት ወር።

ፌሎሺፑ ያን ያህል ትልቅ ነገር ሆኖ አይደለም። በየዓመቱ ሦስት የታሪክ፣ የቋንቋ ወይም የሥነ ጽሑፍ አጥኚዎች ይመረጡና ለአንድ ወር ጠረጴዛ፣ ትንሽ አበል፣ ከዚያም በላይ የምድር ቤቱን ሣጥኖች የመክፈት ፈቃድ ያገኛሉ። ሣጥኖቹን ከእነሱ በቀር ማንም አይነካም። ውስጣቸው ወርቅ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛው የአቤቱታ ቅጂ ነው። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ክስ ይጽፉ የነበሩት ራፖር ጸሐፊዎች የቆርቆሮ ዳሶቻቸው የተነሱ ጊዜ፣ ለራሳቸው ያስቀሩትን የካርቦን ቅጂ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ለእኛ ሰጡን። የስንት ዓመት ብሶት ነው እዚያ ውስጥ ያለው!

አምና መጋቢት ከገቡት ማመልከቻዎች መካከል በታይፕ የተመታ ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት ነበረ። አናቱ ላይ «አመልካች፦ አቶ ፈቃደ ዋቅሹማ፣ አድራሻ ጠመንጃ ያዥ» ይላል። ከሥሩ «ተጠሪ፦» ብሎ የቤተ መጻሕፍታችንን ስም ጽፏል። ከዚያ በኋላ አላነበብኩም። ከጎረቤታችን ጋር በአጥር የተነሳ ሁለት ዓመት ስንካሰስ ከርመን መዝገቡ ገና መዘጋቱ ነበር። «ደግሞ ይሄኛው ማን ነው?» ብዬ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ለጠበቃችን ለእንድርያስ ላክሁለት።

እንድርያስ የፍርድ ቤት ማኅተም እንደሌለው ማየት ይችል ነበር። እሱም ግን እንደ እኔው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ፣ ሰውየው ከመክሰሱ በፊት የላከው ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ደመደመ። ጠበቃ ሲባል ደግሞ እጁ መካድ ለምዷል። «አመልካች በተጠቀሱት ሰነዶች ላይ አንዳችም መብት የላቸውም፤ ጥያቄያቸው ተቀባይነት የለውም» የሚል መልስ ጽፎ በአድራሻቸው ላከላቸው። እኔም ጉዳዩን ረሳሁት። ሚያዝያ ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፣ ስማቸውን በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ አዛውንት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። የመነጽራቸው ውፍረት የጠርሙስ ቂጥ ያህላል።

«እንደምን አደሩ እመቤቴ። ፈቃደ እባላለሁ። የመልስ መልስ ይዤ መጥቻለሁ።»

«የምን መልስ?»

«ማመልከቻ አቀረብኩ፤ ተጠሪ መልስ ሰጠ። እኔ ደግሞ ለመልሱ መልስ እሰጣለሁ። ከዚያ ይወሰናል። እንዲህ አይደል ሥርዓቱ?»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የጠበቃውን ፋይል አስፈልጌ፣ ሦስቱንም ገጽ መጀመሪያ ማንበብ በነበረብኝ ቦታ ተቀምጬ አነበብኩ። ጋሽ ፈቃደ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። በሕይወታቸው የጻፉት ወረቀት ሁሉ ለዳኛ ስለሆነ፣ ፌሎሺፕም ሲጠይቁ እንደ ክስ ጻፉት፤ የማስረጃ ዝርዝር አለው፣ የሚጠየቅ ዳኝነት አለው፣ መጨረሻው ላይ ከላይ የተገለጸው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ የሕግ ቁጥር ተጠቅሷል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦

«አመልካች አርባ አንድ ዓመት አቤቱታ ጽፏል። ባለጉዳይ አንድ ሰዓት ሲያወራው እሱ አንድ ገጽ ይጽፍ ነበር። የተጻፈው በተጠሪ እጅ ይገኛል። ያልተጻፈው የሚገኘው በአመልካች ጭንቅላት ብቻ ነው። ቅጂውን ካላየ አያስታውሰውም። የአመልካች ዓይን በግላኮማ እየደከመ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ሳይጠፋ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ እንዲጽፍ የአንድ ወር ጊዜ እንዲፈቀድለት ያመለክታል።»

አበስኩ ገበርኩ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዶክተሮችና የፕሮፌሰሮች ማመልከቻ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ቁርጥ አድርጎ የሚፈልገውን የተናገረ አንድም አላስታውስም። አፈርኩ። ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር።

«ጋሽ ፈቃደ፣ ይቀመጡ» አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጨርሼ እስክናገር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። «እንግዲያው ውድቅ ያደረገኝ ማነው?» አሉ።

«ማንም። ኮሚቴው አላየውም።»

«ያልታየ ጉዳይማ ውድቅ አይባልም።»

ዳይሬክተራችን አቶ በሱፍቃድ ጨዋ ሰው ነው፤ ጭቅጭቅ ብቻ አይወድም። ውጤቱ ተለጥፏል፣ የከርሞ ሰው ይበለንና ለከርሞ ያመልክቱ አለ። ዓይናቸው እስከ ከርሞ ላይቆይ ይችላል ብዬ ብነግረው፣ ከተመረጡት አንዷ አቤቱታዎቹን ስለምታጠና እሳቸው መረጃ ሰጪ ይሁኑላት አለኝ። ለጋሽ ፈቃደ ስነግራቸው ሳቁ።

«አርባ አንድ ዓመት እኔ የሌላ ሰው አፍ ሆንኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው የኔ አፍ ይሁን? አይሆንም።»

ያለው ምርጫ አንድ ነበር፤ ለኮሚቴው መጻፍ። ጻፍኩ። በበነጋው ሲመጡ ደብዳቤውን ላሳያቸው ብል በዓይናቸው ማንበብ ስላልቻሉ አነበብኩላቸው፤ «በተፈጠረው የአሠራር ክፍተት ምክንያት የአመልካቹ ሰነድ ለኮሚቴው ሳይቀርብ በመቅረቱ…»

«ቆይ» አሉኝ። «ክፍተት የሚባለው ሰውዬ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የት አለሽ? እኔ አልሰማሁሽም።» እርስዎ ማለታቸውን ትተው አንቺ አሉኝ።

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተናደድኩ። «ጋሽ ፈቃደ፣ ይሄ እንጀራዬ ነው። ጡረታ ሊወጣልኝ ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከልጄ ጋር ሁለታችን ነን። ማን ነው በራሱ ላይ የሚፈርመው?» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አንባቢዎች ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ።

እሳቸው ግን አልተቀየሙም። «ዳሴ ውስጥ ፊቴ የተቀመጠ ባለጉዳይ ሁሉ እንዳንቺ ነበር የሚለኝ» አሉ። «እኔም እሺ እያልኩ ክፍተት፣ አለመግባባት፣ ሳይታሰብ ብዬ ስጽፍለት ኖርኩ። ልጄ፣ አላስገድድሽም። ግን በዚህ ደብዳቤ ዳኛ ልቡ አይነካም። ማንም አጥፍቶ ካልተገኘ ማንም አልተበደለም ማለት ነው።»

ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ወደ ጠመንጃ ያዥ የሚወስደውን መንገድ ለመሻገር ሚኒባሶቹ ሁሉ እስኪያልፉ ቆመው ጠበቁ፤ ካለፉም በኋላ ቆመው ነበር። ለካ መንገዱ ባዶ መሆኑን አላዩም። አንጀቴን በሉት።

ምሳዬን ሳልበላ ደብዳቤውን ቀደድኩና እንደገና ጻፍኩ። «ማመልከቻውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ገጽ አልገለጥኩም። ክስ መሰለኝ፤ ክስ ደግሞ ሰልችቶኝ ስለነበር ለጠበቃ ላክሁት። ስም ስለጥፍ እንኳ እኚህን ሰው አላስታወስኳቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይናቸው ጊዜ አይሰጥም።» ፈረምኩና ለአቶ በሱፍቃድ ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ «ይሄማ ኮሚቴ ያስጠራል» አለ።

ኮሚቴው ተጠራ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው ነው። ለጋሽ ፈቃደ ደግሞ ያለ አበል፣ ጠረጴዛም ስለሌለ ከእኔ ጠረጴዛ ማዶ፣ አንድ ወር ተፈቀደ። ማስጠንቀቂያው ያቃጠለኝን ያህል ፈቃዱ አስደሰተኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ደስታው ቆይቶ ነው የመጣው።

ከግንቦት ልደታ ማግስት ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በማጉያ መነጽር ታገሉ። በሦስተኛው ቀን ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ካርቦኑ ደብዝዟል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ እንደፈሩት ዘግይተው ነበር። የዘገዩት ደግሞ በማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ምንም ሳይሉኝ ወንበሬን ወደ እሳቸው ሳብኩ። እኔ ቅጂውን ዝቅ ባለ ድምፅ አነባለሁ፣ እሳቸው የቀረውን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የአንባቢዎችን ሹክሹክታ ስቆጣ የኖርኩት ሴትዮ ራሴ ሳንሾካሹክ ስውል፣ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና ይስቁብኛል። ይሳቁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከሣጥኑ የወይዘሮ ታየችን አቤቱታ አወጣሁ። የ1974 ዓ.ም. ነው። ባለቤቷ ከሁለት ልጆች ጋር ጥሏት ከሄደ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ቀለብ እንዲቆረጥላት ትጠይቃለች። አንድ ገጽ ብቻ። አንብቤ ስጨርስ ጋሽ ፈቃደ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ቀይ፣ ቀጠን ያለች ናት። ትንሹን ልጅ አዝላዋለች» አሉ። «ብዙ አወራችኝ። ሰውየው ከሄደ ጀምሮ በየቅዳሜው ሸሚዙን እያጠበች ትተኩሳለች። ያንኑ አንድ ሸሚዝ፣ ማንም ያልለበሰውን። ‹ይህን ጻፍልኝ› አለችኝ። ‹ዳኛው ቀለብ ፈልጌ ብቻ የመጣሁ እንዳይመስለው።› እኔ ደግሞ ‹ይሄ ለክሱ አይጠቅምም› አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹እኔ የመጣሁት እኮ ይሄንኑ ለማስጻፍ ነው› አለች።»

እጄ ፈጠነ፤ ቃሏ እንዳያመልጠኝ ቶሎ ቶሎ ጻፍኩ። «ከዚያስ?»

ጋሽ ፈቃደ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከዚያማ ታይፑን መታሁ፣ አነበብኩላት፣ አሻራዋን አደረገች። ስታለቅስ አይቻለሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቀጣዩን ጠራሁ።»

ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ። ወረቀቱን ትክ ብዬ አየሁት እንጂ አልጻፍኩም። ሽማግሌ ናቸው፤ እንደዚህ ያለውን ብንዘለው ማንን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ።

«ምነው ዝም አልሽ? ብዕሩ አይሰማኝም» አሉ።

«የቱን ልጻፍ፣ ጋሽ ፈቃደ?»

«እያለቀሰች ቀጣዩን መጥራቴን። ስሜንም ጻፊው።»

ጻፍኩት።