ቀዩ የአበባ በር

መጋላ ሰፈር ውስጥ የሠርግ ቀን ሲቆረጥ ከሼኩ ቀድሞ የሚነገራት ቱሪያ ነበረች። ከጅቡቲ በባቡር የሚገባውን ሸብሸብ ያለ ባለቀለም ወረቀት ትቆርጥና በአውራ ጣቷ ጠምዘዝ፣ በጥፍሯ ፈልቀቅ አድርጋ ጽጌረዳ ታደርገዋለች። ወረቀቱ ሲጠፋ የተቃጠለ አምፖል በሐር ክር ጠምጥማ ከጣራ ታንጠለጥላለች፤ የወተት ጣሳ ክዳን ቆርጣ ኮከብ ታደርጋለች። የሥራዋ ቁንጮ ግን የአበባ በሩ ነበር። ከሽቦና ከቀርከሃ የተቀለሰ፣ ከላይ እስከ ታች በአበባ የተሸፈነ ቅስት ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት የአበባ ጉንጉን አጥልቀው፣ ጎን ለጎን ሆነው በሥሩ ያልፋሉ። ሴቶቹም ያኔ እልልታውን ያቀልጡታል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ክፍሉ ይህን በር አይወዱትም ነበር። ጓድ ክፍሉ ከአብዮቱ በፊት ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩ ሰው ናቸው። ያኔ «እግርዎ ሥር ወድቄ» ብለው ይጀምሩ ነበር፤ አሁን «ሰፊው ሕዝብ» ብለው ይጀምራሉ። ብዕሩም ጸሐፊውም አልተለወጡም። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የነጋዴው የዋርፋ ልጅ ሃዎ ስትዳር፣ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትለው ከሠርጉ ቤት ደረሱ። ስለ ቡርዣ ቅሪት ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ከዚያም በሩ ይፍረስ አሉ። ቱሪያ ሦስት ሳምንት የደከመችበት አበባ አቧራ ላይ ተበተነ፤ ሃዎም እያለቀሰች በላዩ ተራምዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ቱሪያ የምትሠራው ደጅ ተዘግቶ፣ እልፍኝ ውስጥ ብቻ ሆነ። እናቶች ይጠሯታል፤ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፣ የተከለከለ ዕቃ የሚያስገቡ ይመስል።

ሁለት ዓመት አለፈ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደረሰና ከበላይ መመሪያ ወረደ፦ ቀበሌዎች በጌጥ ይወዳደራሉ፣ ያሸነፈው ዋንጫ ይቀበላል፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ትልቅ ጓድም እየዞሩ ያያሉ። ጓድ ክፍሉ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው የሦስቱን ጺማሞች ሥዕል አሳለ፤ ሰዓሊው ግን ምስላቸውን በደንብ ስላላየ መሐከለኛው የአሸዋ ገበያውን ተምር ሻጭ ሐጂ አብሺርን መሰለ። ሕዝቡ በዚያ ሲያልፍ «አሰላሙ አለይኩም ሐጂ» ማለት ጀመረ። ሥዕሉ ወረደ። ቀጥሎ የዘንባባ ዝንጣፊ አቆሙ፤ የነሐሴ ሙቀት በሁለት ቀን ለፍየል መኖ አደረገው። የጎረቤት ቀበሌ በበኩሉ ከሲሚንቶ ማጭድና መዶሻ እያሠራ መሆኑ ተሰማ፤ ጓድ ክፍሉም ምግብ አልበላ አላቸው።

የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ወይዘሮ የኔነሽ ናት ያን ጊዜ የቱሪያን ስም ያነሣችው። ጓድ ክፍሉ ጥቂት አሰቡና ያቺ ሴት ትምጣ አሉ።

ቱሪያ ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ ቢሮው ገባች። ጓድ ክፍሉ ስለ እጅ ጥበብና ስለ ሠርቶ አደሩ ረዘም ያለ ንግግር አድርገው ሲያበቁ፣ በአደባባዩ መግቢያ ላይ አንድ የአበባ በር እንድትሠራ ጠየቋት። ቱሪያ መሬት መሬቱን እያየች ሰማቻቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የወረቀት አበባ የቡርዣ ነው ብለው አፍርሰውብኛል» አለች። «እንግዲህ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ። የቡርዣ ነገር ለአብዮቱ ብሠራ ነገ ማን ያድነኛል? ቡርዣ አለመሆኑን በወረቀት ይጻፉልኝ፣ ማኅተምም ይምቱበት።»

ጓድ ክፍሉ ቃሌ ይበቃል አሉ። እሷም ቃልዎማ ባለፈው ጊዜም ነበረ አለች። የኔነሽ ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጓድ ክፍሉ ተቆጡ፣ ተነሡ፣ ተቀመጡ፤ የሲሚንቶው መዶሻ ትዝ ሲላቸው ግን ብዕራቸውን አወጡ። የጻፉት ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፦ «የወረቀት አበባ የሰፊው ሕዝብ የእጅ ጥበብ ውጤት መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ፣ በማናቸውም የደስታ ሥነ ሥርዓት ላይ እንዲውል ተፈቅዷል።» ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት፤ አንዱ ደብዝዞ ነበርና።

ሥራው በቀበሌው አዳራሽ ተጀመረ። ማኅበርተኞቹ ሴቶች በዙሪያዋ ተቀምጠው አበባ ይጠመዝዛሉ። ቱሪያ ቅስቱን ለማጠንከር አሮጌ ጋዜጣ በዱቄት ማጣበቂያ ልትለጥፍበት ስትል ኮሚቴው አስቆማት። የመሪው ፎቶግራፍ ከማጣበቂያው ሥር ቢሆንስ? ሦስት የኮሚቴ አባላት ሁለት ቀን ሙሉ ጋዜጣ ሲያገላብጡ ዋሉ። ፎቶግራፍ የሌለበት ገጽ የተገኘው አራት ብቻ ነው፤ አራቱም የሞት ማስታወቂያና የጨረታ ገጾች ነበሩ። ቱሪያም በነሱ ለጠፈች።

ከዚያ የቀለሙ ጣጣ መጣ። እሷ ነጭና ቢጫ ልትቀላቅል አሰበች፤ ጓድ ክፍሉ ከቀይ በቀር አንድም አበባ እንዳይገባ አዘዙ። ቀይ ብቻ ከሆነ ሥጋ ቤት ይመስላል ብላ ለማስረዳት ሞከረች፤ አልሰሟትም። በመጨረሻ ደግሞ ለእንግዳው አንገት የአበባ ጉንጉን እንድትሠራ ነገሯት። ሊወጡ በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ተመለሱና፣ «ሁለት ይሁን» አሏት። ሁለተኛው ለማን እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ እንግዳውን የሚቀበለው ሰው ባዶ አንገቱን ቢቆም አይከበርም አሉ።

መስከረም ሁለት ቀን ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ስም እየተጠራ ፀሐይ ላይ ተደረደረ። ከፊት መስመር ሃሊሞ የምትባል አሮጊት ነበረች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋም የሚሰማው ሲፈልግ ነው። የቀረ ሰው የስኳር ራሽኑ ይያዝበታል ስለተባለ የልጅ ልጆቿ ክንዷን ይዘው አምጥተዋታል፤ ምን ሊደረግ እንደሆነ ግን የነገራት የለም።

አራት ሰዓት ላይ መኪናው ቆመ። ትልቁ ጓድ ካኪያቸውን ለብሰው ወረዱ። አጠር፣ ወፈር ያሉ፣ ፊታቸው የሚስቅ ሰው ነበሩ። ጓድ ክፍሉ አንዱን ጉንጉን አጠለቁላቸው፤ ሌላውን የኔነሽ ለጓድ ክፍሉ አጠለቀችላቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑና በቀዩ የአበባ በር ሥር በዝግታ መራመድ ጀመሩ።

ሃሊሞ ዓይኗን አጥብባ አየች። የቱሪያ በር አለ። አበባ ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን እየገቡ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ የማን ልጅ ናት?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ እልልታዋን ለቀቀችው።

የመጋላ ሴት እልልታ ሰምታ ዝም ማለት አትችልም። አጠገቧ ያለችው ተቀበለች፣ ቀጥሎ ያለችው ተቀበለች። ከኋላ የቆመ ሰው ከበሮ ይዞ ነበር፤ ለመፈክሩ ማድመቂያ የታዘዘ ከበሮ ነው። እሱም ሳያስበው የሙሽራ መቀበያውን መታው። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየቋንቋው ሆነ፤ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማልኛ፣ ሌላው በአደርኛ ሙሽራ ያስገባ ጀመር። መፈክር መሪው በድምፅ ማጉያው «ይውደም» ሲል ሕዝቡ በእልልታ ይመልስለታል። ጓድ ክፍሉ ነገሩ የገባቸው ቅስቱ መሐል ሲደርሱ ነው። ላብ አጠመቃቸው። ሊሮጡ አይችሉም፣ ሊቆሙ አይችሉም። በዚያ ላይ ደስ ያላቸው እንግዳ ክንዳቸውን ያዝ አድርገውላቸዋል። እንዲያ ተያይዘው ወደ ድንኳኑ ገቡ፤ የክብር ወንበራቸውም ሁለት ብቻ ነበር።

ቱሪያ ከአጥሩ ሥር ቆማ በሻሿ አፏን ሸፍናለች። ኋላ ለየኔነሽ እንደነገረቻት፣ መጀመሪያ ፈርታ ነበር። ከዚያ ሃዎን አየቻት። ልጇን አዝላ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ እልል እያለች ነበር።

በማግስቱ ጓድ ክፍሉ አስጠሯት። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆመው ነበር። አሻጥር ነው፣ የሠርግ በር አቁመሽ አመራሩን አዋርደሻል፣ ማን ነው የላከሽ አሏት ጓድ ክፍሉ። የማውቀው በር ይኸው አንዱ ነው፣ ሌላ በር የሚያውቅ ሰው ቢጠሩ ኖሮ ሌላ በር ይሠራልዎት ነበር ብላ መለሰች። ከዚያም ደብዳቤውን ከደረቷ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «በማናቸውም የደስታ ሥነ ሥርዓት» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ጓድ ክፍሉ የገዛ ፊርማቸውን አዩት። ሊቀድዱት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ አንድ ግልባጭ የኔነሽ ጋ እንዳለ ነገረቻቸው። እጃቸው ተመለሰ። «ሂጂ፣ እጠራሻለሁ» አሉ።

የጠሯት ከሳምንት በኋላ፣ ውጤቱ ሲመጣ ነው። ትልቁ ጓድ በሪፖርታቸው ከሁሉም ቀበሌ የሕዝቡ ፍቅር ከልብ የመነጨው እዚህ ነበር ብለው ጽፈዋል፤ በየቋንቋው የተዘፈነውንም ዜማ የብሔረሰቦች አንድነት ሕያው ምሳሌ ብለውታል። ዋንጫው መጣ፤ የአሻጥሩም ክስ ቀረ። ጓድ ክፍሉም በስብሰባ ላይ እልልታው በሳቸው አመራር ለሁለት ወር የተጠና መሆኑን ገለጹ፤ ሁለት ወር አብሯቸው የዋለው ኮሚቴ አጨበጨበ።

ቱሪያ በዚያ ደብዳቤ ሠርግ በግላጭ ማስጌጥ እችላለሁ ብላ አስባ ነበር። ነገር ግን የአበባ በሩ ወሬ ተዛመተ። ከሳቢያን ጠሯት፣ ከከዚራ ሰፈር ጠሯት፣ ለሜይ ዴይ ጠሯት፣ ለሠራተኛ ማኅበር ጉባኤ ጠሯት። የጌጣጌጥ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተባለች፤ ስብሰባ ከቀረች ግለ ሂስ እንድታደርግ ይጠይቋታል። በዚያ ዓመት አሥራ አራት ቀይ በር ሠራች። ሙሽሮች እናታቸውን ይልኩባታል፣ እሷ ግን ኮሚቴ አለብኝ ትላለች። አንዲት እናት፣ አቦ ቱሪያ፣ ለኛ መቼ ነው የምትሠሪው ብትላት፣ ቀይ ቀለም የነካው ጣቷን ሽርጧ ላይ እየጠረገች «የድል በዓሉ ይለፍ» አለቻት። እናትየዋም የልጇን ሠርግ በሁለት ወር አስተላለፈች።