የብቻ ሰርቨር ለእድራችን

4.

እትዬ አስካለን አሥራ አንድ ሰው ቀበራቸው።

(ከአራት የጀመርኩት ከአንድ እስከ ሦስት ያለው ቃለ ጉባኤ ስለሆነ ነው። ቃለ ጉባኤ ማን ያነባል?)

5.

እድሩ ጥሩንባ ነፊውን አሰናብቶ መርዶን በድረ ገጽ መንገር ከጀመረ ዓመት ሆኖታል። ገጹ ያለው የጋራ ሰርቨር ላይ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ከሁለት መቶ የማይተዋወቁ ገጾች ጋር ተዳብሎ ይኖራል። እትዬ አስካለ ባረፉበት ማክሰኞ ከደባሎቹ አንዱን፣ የኳስ ውርርድ ቤትን፣ ደንበኛ አጥለቀለቀውና የእድሩም ገጽ አብሮ ተዘጋ። መርዶው ተጽፎ ሳይነበብ ቀረ።

6.

ከቀብር መልስ የሟች ልጅ የእድሩን ጸሐፊ ስንዱን ጠየቀቻት።

"ሠላሳ ዓመት የሰው ለቅሶ ስትደርስ ኖራ፣ እናቴ ሰው አልነበራትም?"

7.

ስንዱ አፈረች።

8.

ስንዱ ሌላ ገጽ የማይጋራው የብቻ ሰርቨር እንከራይ ስትል የቀረቡ ተቃውሞዎች (ሁሉም የሊቀመንበሩ፣ የጋሽ ደምሰው)፦

— ይወደዳል።

— የራሱን ጠባቂ ይፈልጋል። ቢበላሽ ማን ይነሳል?

— እድር መጋራት ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

የጋራውን መጀመሪያ የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ "የጋራ" ሲባል ደስ ብሏቸው። ተረቱ ስለ ቁማር ቤት የሚለው ነገር ግን የለም።

9.

ሁለተኛው እውነት ነው፤ ስንዱም አልካደችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰርቨር መጠበቅ ተማረች። አበላሸች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጫነች። ሦስተኛው ግን አልዋጥ አላት። ሐዘን መጋራት ሌላ፣ ከቁማርተኛ ጋር በአንድ በር መጋፋት ሌላ።

10.

የእሑድ ስብሰባ። ጋሽ ደምሰው ከቀብሩ የቀሩት በደንቡ መሠረት ይቀጡ አሉ።* ስንዱ የስም መዝገቡን ይዛ ተነሳች።

ስንዱ፦ ከላይ ልጀምር፣ ጋሼ?

ደምሰው፦ ጀምሪ።

ስንዱ፦ ጋሽ ደምሰው ኃይሉ።

 

 

ደምሰው፦ አልነበርኩም።

ስንዱ፦ ለምን ቀሩ?

ደምሰው፦ ገጹ አልከፍት አለኝ። የሰማሁት በማግስቱ ነው።

ስንዱ፦ ሌላውም እንደዚያው ነው። እኔ ከእንግዲህ ማንንም በአሥራ አንድ ሰው አልቀብርም።

* ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል።

11.

የኪራይ ቅጹን ፊታቸው አስቀመጠች። መነጽራቸውን ጠርገው እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ ለመኗት።

የሚከራየው፦ የብቻ ሰርቨር

ጠባቂ፦ ስንዱ መኩሪያ (ፈርማለች)

ሊቀመንበር፦