ሳይጠይቁ ማለፍ

ዴርቭላ የብረቱን በር በእጃቸው ገፉት፤ እምቢ ሲላቸው በትከሻቸው። በሩ ተንገጫገጨ እንጂ አልተከፈተም። አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

«ተቆልፏል» አለች ሮሺን፣ ፎጣዎቹንና የሻዩን ፔርሙስ እንደታቀፈች።

«አይቻለሁ። የታመመው ዳሌዬ እንጂ ዓይኔ አይደለም።»

ሮሺን የዴርቭላን ልጅ ኮርማክን አግብታ፣ ከሎንግፎርድ የከብት አገር ወደዚህ የደብሊን ዳርቻ የባሕር ሰፈር ከመጣች ገና ወሯ ነው። የሰፈሩ ሰው እንደ እሷ ያለውን «ነፋስ ያመጣው» ይለዋል፤ አርባ ዓመት ቢቀመጥም ይህ ስም አይለቀውም። ዛሬ ግን አማቷ ራሳቸው «ተነሺ፣ ሰፈሩን እኛ እንደምናውቀው ላሳይሽ» ብለው ይዘዋት ወጡ። ዋናውን መንገድ ትተው፣ በዓሣ ጥብስ ቤቱ ጓሮ ዞረው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አድርገው «እርጥብ እግር» ደረሱ። እርጥብ እግር በሁለት ግንቦች መካከል ወደ መዋኛው ድንጋይ የምትወርድ ጠባብ መተላለፊያ ናት። ስሟን የሚናገር ሰሌዳ የላትም። ከእሷ ሌላ ወደ ውሃው የሚያወርድ ገደሉ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ዴርቭላ ደንቡንም ነግረዋት ነበር። «ውሃው እንዴት ነው ብለው ከጠየቁሽ መልሱ ‹አንዴ ከገቡበት ደስ ይላል› ነው። ቀዘቀዘኝ የሚል ሰው እዚህ የለም።»

«ቢቀዘቅዝስ?»

«መቀዝቀዙንማ ይቀዘቅዛል! እሱ ምን ጥያቄ አለው?»

አሁን ግን ዴርቭላ ቀልዳቸው ጠፍቶ ጓጉንቸሩን አፍጥጠው ያዩታል። በዚህ መሐል ከግንቡ ማዶ የሸበጥ ድምፅ ተሰማ። ባለፈው ክረምት ከመተላለፊያዋ ጎን ያለውን ትልቁን ቤት የገዛው ኪሊያን በጓሮው በኩል ብቅ አለ። መልከ መልካም፣ ትሑት ሰው ነው።

«ደህና አደራችሁ! ቀድሜ ልነግራችሁ ሲገባኝ፣ ይቅርታ። ሰው ወድቆ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ አሉኝ፤ ለዚያ ነው የቆለፍኩት። ለጎረቤት ግን ምን ችግር አለ?» ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ በበሩ ፍርግርግ አሾልኮ ዘረጋ። «ለእርስዎ ብዬ ያስቀረጽኩት ነው፣ እማማ። በፈለጉት ሰዓት ይለፉ፤ ፈቅጃለሁ።»

በሮሺን አገር የበሩን ቁልፍ የሰጠህ ጎረቤት ልቡን ሰጠህ ማለት ነው። እጁን ዘርግቶ እንዲቀር ማድረግ ደግሞ ፊቱ ላይ እንደ መትፋት ይቆጠራል። ስለዚህ ሳታስብ በሁለት እጇ ተቀበለች።

«እግዜር ይስጥልን! ለዳሌያቸው እኮ—»

«ሮሺን» አሉ ዴርቭላ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ?»

«በዚህ መንገድ እናቴ ተመላልሳበታለች። እኔ ኮርማክን በሆዴ ይዤ ሄጄበታለሁ። ማንንም ሳንጠይቅ፣ ሳንደበቅ፣ አንድ ነገር ሳንሰብር። መንገዱ የእኛ የሆነው በዚህ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለንም። አመስግነን ቁልፍ ከተቀበልን ግን ፈቃድ አገኘን ማለት ነው። ዛሬ የፈቀደ ነገ ይከለክላል።»

«እማማ፣ እኔ የምከለክል ሰው እመስላለሁ?» አለ ኪሊያን።

«አትመስልም። ክፉ ብትሆን እኮ ይቀለን ነበር! ነገ ቤቱን ስትሸጠው የሚመጣውስ?»

የኪሊያን ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። «እንግዲህ በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

የዴርቭላ እጅ ሳያውቁት ወደ ዳሌያቸው ሄደ። ሮሺን መዳፏ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች። አንዴ ብታዞረው አማቷ ያለ ሥቃይ ይወርዳሉ፤ ማንም አይቀየምም፤ ሻዩም ሳይበርድ ይጠጣል።

ዓይኗ ከበሩ አጠገብ ያለው ግንብ ላይ ዐረፈ። በእሾሃማ የእንጆሪ ሐረግ ተሸፍነው፣ እንደ ደረጃ ከግንቡ ወጣ ወጣ ያሉ ሦስት ድንጋዮች ይታያሉ። የሰፈሩ ሰው በሩ ክፍት ስለነበር ረስቷቸዋል። ሮሺን ግን እንዲህ ባሉት ላይ ስትወጣና ስትወርድ ነው ያደገችው። በእነሱ አገር በሩ ለከብት ነው፤ መወጣጫው ለሰው።

ቁልፉን በቀይ ክሩ ጓጉንቸሩ ላይ አንጠለጠለችው።

«እግዜር ይስጥልን ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ» አለችው ኪሊያንን።

ከዚያ ፎጣውን እጇ ላይ ጠቅልላ ሐረጉን ገፍፋ ወደ ጎን ጣለችው። እሾሁ ክንዷን ጫረው። ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሰጠች። «ይደገፉኝ። መጀመሪያ ደህናውን እግርዎን።»

ዴርቭላ እያቃሰቱ ወጡ። ግንቡ አናት ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በላብ ርሷል። ባሕሩ ከዚያ ይታያል።

«እንዴት ነው?» አለች ሮሺን ከታች።

«አንዴ ከወጡበት ደስ ይላል» አሉ ዴርቭላ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«ቢወድቁ እኔ የለሁበትም!» ሲል ጮኸ ኪሊያን። «በበሩ ግቡ፤ ፈቅጃለሁ እኮ ነው የምላችሁ!»

ሮሺን ፔርሙሱን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ረገጠች።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው።