ክር የታሰረበት ኩባያ

ሙጂብ ኩባያዬ ላይ ቀይ ክር ያሰረው ሳል በያዘኝ በሳምንቱ ነው። ድንበር ተሻግረን፣ ሶማሌዎች አገር ኮድቡር በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን አራት ሆነን እንኖራለን፤ ውሉ በሱ ስም ስለሆነ አዛዣችን እሱ ነው። ከሚሴም ሳለን ያው ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስወድቅ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራው ማን ሆነና!

«ለጥንቃቄ ነው፣ ሀይደር፣ አትቀየም» አለኝ ሌሎቹ ፊት። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሌሎቹም ከኔ ጋር መብላት ተዉ። አፈነን፣ መስኮቱ ይከፈት ስል ደግሞ ሙጂብ አቧራ ይገባል ብሎ ዘጋው።

ክሊኒክ ያገኘኋት ነርስ ማርዎ ጅግጅጋ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። ቲቢ ነው አለችኝ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ኤችአይቪም አለብህ አለች። ቲቢው ደረቴ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ የነቃው የሰውነቴ ጠባቂዎች ሲደክሙ ነው። ቫይረሱ የሚለቀው ፕሮቲን አለ፤ ቫይረሱ ያልገባባቸውን የመከላከያ ሴሎች ሳይቀር ያሳስታል አለችኝ። ይኼስ ገባኝ። ሙጂብም አንድ ቃል ይለቃል፣ ያልነካኋቸው ሰዎች ይዞሩብኛል።

ቲቢ በኩባያ ሳይሆን በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፤ መስኮት ክፈቱ፣ አብረውህ የሚኖሩትም መጥተው ይመርመሩ ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ።

ወረቀቱን አሥራ ሰባት ቀን በኪሴ ይዤ ዞርኩ። ለቤቱ ብርድ ነው እያልኩ አለፍኩት። ቲቢውን ካወቁ ሌላውንም ይጠረጥራሉ፤ ሙጂብ ከጠረጠረ ደግሞ ማደሪያዬ ጎዳና ነው። ምን እደብቃለሁ፣ እሱም ይቅመሳት ብዬ ነበር።

አንድ ሱብሒ አብረን ስንሰግድ ሱጁድ ላይ ግንባሩን እንደደፋ ሳል ያዘው። ሲነሳ ሰጋጃው ላይ ደም አየሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወላሂ፣ ደስ አላለኝም። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

«ቲቢ አለብኝ። አንተም ተመርመር፣ ሌሎቹንም ይዘህ ሂድ።»

«ካወቅክ ስንት ቀን ሆነህ?»

«አሥራ ሰባት።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በዕድሜዬ አንዴ እውነት ከሱ ጋር ነበረች፤ እሷንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ቲቢው ብቻ ተገኘበት። ስድስት ወር ኪኒን ውጦ ይገላገላል። እኔ የሌላውን ኪኒን በቫይታሚን ጠርሙስ ደብቄ ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ።

ሙጂብ ከክሊኒክ የተመለሰ ዕለት መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። አቧራው እየቦነነ ገባ።

በሱ ኩባያ ላይ ግን ክር ያሰረ የለም። የኔው እንደታሰረ ነው።