ከግንቡ ግርጌ ያለችው ቀዳዳ

ግንበኛው ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ግንብ የሚያሠራው ሰው አላገኘም። በክራንች ሲሄድ ያየው ሁሉ «አይዞዎት» ይለዋል እንጂ «ይቺን ግድግዳ ቢጠግኑልኝ» የሚል አልተገኘም። ከዳሌው ይልቅ ይሄ ነበር የሚያመው።

ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ ያስገባችው ነርሷ ልጁ ናት። ሰባት ሰዎች፣ ከአባትና ልጅ በቀር ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ፣ በኢንተርኔት በአንድ ሰርቨር ላይ ተገናኝተው ሰው አልባ ምድር ውስጥ ይኖራሉ። ይቆፍራሉ፣ ይገነባሉ፣ በየሰባተኛው ሌሊት ደግሞ ከጫካ የሚወጡ አውሬዎችን ይመክታሉ። ሰርቨሩ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ላይ ነው። የሞተ አይመለስም። ሁሉም ካለቁ ያ ዓለም ከነምናምኑ ይጠፋል፤ የሦስት ወር ልፋት አፈር በላው ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ «የሥራ ፈት ጨዋታ» እያለ ያሾፍ ነበር። አውሬዎቹ የድሮውን አጥር ባፈረሱ ማግስት ግን፣ ሻለቃ የሚሏት መሪያቸው በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ «ጋሼ፣ አዲሱን ግንብ ለእርስዎ ሰጥተናል» አለችው። ከዚያ ወዲያ ማን ያሹፍ! እያንዳንዱን ድንጋይ፣ መጋጠሚያው ከታችኛው ጋር በአንድ መስመር እንዳይውል እያፈራረቀ ደረደረ። እዚያ ዓለም ውስጥ ማፈራረቁ ለውጥ እንደማያመጣ ልጁ ብትነግረውም አልሰማትም።

የአውሬዎቹ ሌሊት ደረሰ። ከመስኮቱ ውጭ የቅዳሜ ረፋድ ፀሐይ ነው፤ ጎረቤት ምንጣፍ ያራግፋል። ስክሪኑ ውስጥ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። አጠገቡ በራሷ ኮምፒውተር የምትጫወተው ልጁ በግንቡ ዙሪያ እየሮጠች ሳለ ቆም አለች።

«አባዬ፣ እዚህ ግርጌ ያለው ቀዳዳ ምንድን ነው?»

«የውሃ ማስወጫ ነዋ! ግንብ ከጀርባው ውሃ ካቆረ ተገፍቶ ይወድቃል።»

«እዚህ ጨዋታ ውስጥ እኮ ውሃ ግንብ አይገፋም!»

እውነቷን ነው። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ሳያስፈቅደው የተወው ቀዳዳ ነው። አንድ ሰው በደረቱ ተስቦ ይገባበታል። «ልድፈነው!» ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ አውሬዎቹ ደርሰው ነበር።

ብዛታቸው! ሜዳው ራሱ ተነስቶ የሚሄድ መሰለው። እስከ ዛሬ አጥሩን በአራቱም ማዕዘን እየቀጠቀጡ ነበር የሚያፈርሱት። አሁን ግን የፊተኞቹ ቆሙ፤ አሸተቱ፤ ዞሩ። የኋለኞቹም ተከተሏቸው። ያ ሁሉ መንጋ አንድ ድንጋይ ሳይነካ ወደ ቀዳዳዋ ተጠማዘዘ፤ የጎርፍ ውሃ ቦይ ሲያገኝ እንደሚሆነው።

«ክፍት መንገድ ካዩ ግንብ አይነኩም ማለት ነው!» ሻለቃ ጮኸች። «ሁላችሁም ወደ ቀዳዳው! አንድ በአንድ ነው የሚገቡት!»

ሰባቱም ጦራቸውን ይዘው በውስጥ በኩል ቀዳዳው አፍ ላይ ቆሙ፤ አንገቱን ያስገባውን ሁሉ ወጉ። ሲነጋጋ፣ መንጋው ሁሉ አልቆ አንድ ብቻ ቀረ፤ ፎቅ የሚያክል። ተንበርክኮ በቀዳዳዋ አየ። ዓይኑ ቀዳዳዋን ሞላት። ግንበኛው በሕይወቱ እንዲህ ያለ አስፈሪና የሚያምር ነገር አይቶ አያውቅም።

ማለፍ አልቻለምና ተነስቶ ግንቡን መታው። ድንጋዩ ተርገፈገፈ፣ አቧራው ጨሰ። ግንቡ ግን አልፈረሰም። ፀሐይ ወጣች፤ አውሬውም ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጫካው ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ያንን ቀዳዳ እንዴት አሰቡት?» አለች ሻለቃ።

አስቤበት ነው ቢል ማን ያውቅበታል? ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። «አላሰብኩትም» አለ። «ተሳስቼ ነው። እጄ ነው የሠራው።»

የሁሉም ሳቅ ጆሮውን ሊያደነቁረው ደረሰ። ሳቁ ሲበርድ ሻለቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከወንዙ ማዶም ግንብ ያስፈልገናል፤ እባክዎ ያ እጅ እንደለመደው ይሥራልን» አለችው።

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ድምፁ እምቢ አለው። ልጁ ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ ማይኩ ጠጋ አለች።

«እያለቀሰ ነው» አለቻቸው። «እሺ ማለቱ ነው።»